የተመለሰው 17 ኪሎ፦ የአንዲት ሴት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ክብደት ስለመቀነስ የሚጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። ቀንሶ ስለተመለሰበት ሰው ግን ብዙም አይወራም። ታሪኩ «20 ኪሎ እንዴት ቀነስኩ» ብሎ ይጀምርና እዚያው በደስታ ያልቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያ ሰው ሚዛን ስንት እንደሚል የሚጠይቅ የለም።

ሥራዬ ሰዎችን በአመጋገብና በአካል እንቅስቃሴ ላይ ማማከር ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ አንዴም ሁለቴም ቀንሰው የተመለሰባቸው ናቸው። ከእነሱ መካከል የዚችን ሴት ጉዳይ የመረጥኩት «ሞቲቬሽን አጣሁ» ብላ ይዛው የመጣችው ችግር ሲፈተሽ ሌላ ሆኖ ስለተገኘ ነው። እሷም እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟና ማንነቷን የሚጠቁም ነገር አልተካተተም።

የኋላ ታሪክ

ባለጉዳይዋ የ41 ዓመት ሴት ናት። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ቀኗን የምታሳልፈው ወንበር ላይ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ነው። መጀመሪያ ለመቀነስ ስትነሳ 96 ኪሎ ነበረች። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ 74 ገባች። 22 ኪሎ ወረደ ማለት ነው።

የቀነሰችው በጥብቅ ዳይት ነው። በቀን 1,200 ካሎሪ ብቻ። ጣፋጭ የሚባል ነገር የለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከውኃ በስተቀር ምንም አትቀምስም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ፈጣን የእግር ጉዞ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ጂም። የምትበላውን ሁሉ እየመዘነች ስልኳ ላይ ትመዘግብ ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር አብሯት ይሮጥ ነበር። ባልደረቦቿ ያደንቋታል። ልብሷ በየወሩ ይሰፋታል። ሚዛኑ በየሳምንቱ የምሥራች ይነግራታል። እንዲህ ባለ ወቅት ወኔ ፍለጋ የሚሄድ ሰው የለም፤ እሱ ራሱ እየመጣ በር ያንኳኳል።

74 ከደረሰች በኋላ ግን ምን እንደምታደርግ አልታሰበም። ዕቅዱ እስከ 74 ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ወረቀት ነው።

መመለሱ መነሻ አለው። ጉልበቷን አመማት። ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት እንድታርፍ ስላዘዛት የእግር ጉዞውም ጂሙም ቆመ። ዕረፍቱ ሳያልቅ የዓመቱ ሂሳብ መዝጊያ ደረሰ። እስከ ማታ ቢሮ መቆየት፣ ራት አምሽቶ መብላት፣ ከአምስት ሰዓት ያልበለጠ እንቅልፍ። ጉልበቷ ሲሻላት ሁለት ሦስት ኪሎ ጨምራ ነበር። ያኔ ቢያዝ ቀላል ነበር። አልተያዘም፤ ምክንያቱም አላየችውም። ሚዛን ላይ መውጣት የተወችው በዚያው ሰሞን ነው።

ከዚያ በዓመት ተኩል ውስጥ 91 ደረሰች።

ችግሩ እሷ እንዳየችው

መጀመሪያ ስንገናኝ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። አንዴ አድርጌዋለሁኮ። ግን ልቤ ሞቷል። ሰኞ እጀምርና ረቡዕ አልደርስም።»

ቤቷ ውስጥ ሚዛኑ የት እንዳለ ጠየቅኳት። ሳቀች። በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከሻንጣ ኋላ ተቀምጧል። ማንም ሳያዛት እሷው ናት የሰቀለችው።

ልብሱም የራሱ ታሪክ አለው። 74 በገባች ጊዜ ሰፋፊ ልብሶቿን በሙሉ ለሰው ሰጥታለች። «ወደዚያ አልመለስም» ብላ መሐላ እንደማለት ነው። ክብደቱ ሲመለስ የሚሆናት ልብስ አልነበራትም። አዲስ መግዛት ደግሞ ሽንፈትን መፈረም መሰላት። ስለዚህ ሁለት ጥቁር ሱሪ እያቀያየረች ትለብሳለች። የሱሪው ቁልፍ አይደርስም። የፀጉር ላስቲክ በቁልፉ ቀዳዳ አሾልካ፣ ቁልፉ ላይ አጠላልፋ፣ ከላይ ረዘም ያለ ሸሚዝ ትጥልበታለች። ይህን በየጠዋቱ የሚያደርግ ሰው የቀኑን የመጀመሪያ ወቀሳ የሚሰማው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው።

ሰዎችም ነበሩ። ሲቀንስላት ያደነቋት ባልደረቦች አሁን ዝም ብለዋል። አንዷ ብቻ «ምነው፣ ተመለስሽበት?» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። ግን ባለጉዳይዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን፣ ጠረጴዛዋ ላይ መብላት ጀመረች።

ችግሩ ሲፈተሽ

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ብዙ ሞክራለች። «ሞቲቬሽን የላትም» የሚባለው ስህተት መሆኑን መጠርጠር የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ፍላጎት የሌለው ሰው ይህን ሁሉ አይሞክርም።

የድሮውን ዳይት መልሳ ጀምራዋለች፤ ለረጅም ጊዜ የቆየችበት ዘጠኝ ቀን ነው። 74 ሳለች የተነሳችውን ፎቶ ማቀዝቀዣ ላይ ለጥፋለች። ያነቃታል ተብሎ ነበር፤ ያደረገው ግን በየጠዋቱ ማናደድ ነው። ቢሮ ውስጥ ገንዘብ አዋጥተው «ማን ብዙ ይቀንሳል» የሚል ውድድር ገብታ በወር አራት ኪሎ ቀነሰች፤ ውድድሩ ባለቀ በሁለተኛው ወር ተመለሰ። በመጨረሻም በሰው ጥቆማ የማቅጠኛ ዱቄት ገዛች። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ወረደ። ደስታዋ ግን አልቆየም።

ስለዚያ ሦስት ኪሎ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነውና። ሰውነት ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ከሦስት ግራም ያላነሰ ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ በድንገት ሲቀንስ ግላይኮጅኑ ያልቃል፤ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ሚዛኑ ይወርዳል፤ ስቡ ግን ብዙም አልተነካም። መደበኛ ምግብ ሲመለስ ውኃውም ይመለሳል። ሰውየው ግን «በሁለት ቀን ሦስት ኪሎ ጨመርኩ» ብሎ ያዝናል።

ሙከራዎቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። ሁሉም የመጀመሪያውን ዙር ለመድገም የተደረጉ ናቸው። የመጀመሪያው ዙር ዕቅድ ግን የተሠራው ጉልበቷ ላልታመመ፣ ከሥራ በጊዜ ለምትወጣ፣ እንቅልፏ ለተስተካከለ ሴት ነው። ያቺ ሴት አሁን የለችም። በሌላ ሰው ዕቅድ መሠረት በየሰኞው መውደቅ ስንፍና አይባልም።

ሌላው ራሷን የምታወዳድርበት ቁጥር ነው። «ስንት ጨመርሽ?» ስላት «17» ትላለች፤ ከ74 ነው የምትቆጥረው። ከ96 ብትቆጥር አሁንም አምስት ኪሎ ከታች ናት። ይህን ስነግራት እያጽናናኋት መሰላት። የሐኪሙ ወረቀት በኋላ ያሳመናትን ያህል እኔ አላሳመንኳትም።

ሦስተኛው ነገር አንዴ ከተሳሳቱ ሁሉንም መልቀቅ ነው። አንድ ብስኩት ከበላች «በቃ፣ ዛሬ ተበላሽቷል» ትልና ፓኮውን ትጨርሳለች። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ኸርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ሙከራ ዳይት ላይ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ ወተትና አይስክሬም የተቀላቀለበት መጠጥ ሲሰጣቸው፣ ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን አይስክሬም ምንም ካልጠጡት የበለጠ በልተዋል። ዳይት ላይ ያልሆኑት ደግሞ ጠጥተው ስለነበር ያነሰ በሉ። ደንቡ ጥብቅ በሆነ ቁጥር አንዴ ሲጣስ የሚከተለው መዝረክረክም ይብሳል።

ሰውነት የራሱን ሥራ ይሠራል

ማንኛውንም ዕቅድ ከማውጣታችን በፊት አንድ ሙሉ ቀጠሮ ያጠፋነው ክብደት ለምን እንደሚመለስ በማውራት ነው። ብዙ አማካሪዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን እንደ መድኃኒት ነው የማየው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ እንዲወስዱ አደረገ። ቀነሱ። ከዚያ ሌፕቲን፣ ግሬሊንና ሌሎች የርሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ተለኩ። ከዓመት በኋላ ሲለኩም ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ሰዎቹም ከመቀነሳቸው በፊት ከነበረው በላይ ይርባቸው ነበር። ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ስሌት ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ቅናሽ ሰውነት በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ያነሰ እንደሚያቃጥል፣ የምግብ ፍላጎት ግን በቀን በ100 ካሎሪ ገደማ እንደሚጨምር ያሳያል። ከሁለቱ ከባዱ የምግብ ፍላጎቱ ነው።

ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ታዲያ ያኔ ይህን ለምን የነገረኝ ሰው ጠፋ? ዓመት ሙሉ ራሴን ስሳደብ ነበርኮ» አለች። ቁጣው ጥሩ ነበር። ከሐፍረት ይሻላል።

ግን ወዲያው ወደ ሌላው ጥግ ሄደች፦ «እንግዲያው አይቻልም ማለት ነዋ።» እዚህ ላይ የአሜሪካውን ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት አነሳሁላት። 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለአንዱ ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ውጤት የዚህ ቡድን ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከቀነሱት ክብደት አብዛኛው ተመልሶባቸዋል። እንዲያም ሆኖ ጥናቱ ከጀመረ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታዩ የመያዝ ዕድላቸው አሁንም በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ስለዚህ የተመለሰ ክብደት የተገኘውን ጥቅም ሙልጭ አድርጎ አይወስደውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄደች። የታይሮይድ ምርመራዋ ደህና ነው። ክብደት የሚጨምር መድኃኒት እንደማትወስድም ተጣራ። ይህ መዘለል የለበትም፤ ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሏል። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሯ 108 ሆነ። ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር የሚባለው ነው። ሐኪሙ የድሮ ፋይሏን አወጣና ከጎኑ አስቀመጠው። 96 ኪሎ ሳለች 118 ነበር። 74 ሳለች 93። «አየሽ፣ ከዜሮ እየጀመርሽ አይደለም» ብላት ኖሮ እንደ ማጽናኛ ታልፈው ነበር። ሐኪሙ ግን ሦስቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶ አከበበና «እርስዎ የሂሳብ ሰው ነዎት፤ ያንብቡት» አላት። አነበበችው።

ሁለተኛው እርምጃ ብዙ የተከራከረችበት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መቀነስ አይፈቀድም አልናት። ሥራዋ አለመጨመር ብቻ ነው። ከ92 እንዳታልፍ።

«ይሄማ መቀለድ ነው» አለች። እኔ ግን አልቀለድኩም። ይህች ሴት መቀነስ ታውቃለች፤ ያንን አስመስክራለች። የማታውቀው ክብደቷን ባለበት ማቆየት ነው። አንድም ወር ተለማምዳው አታውቅም። 74 ላይ ወድቃ የነበረውም ለዚሁ ነው። ሌላው ምክንያት፣ ሰው ተስፋ ከቆረጠበት ሲነሳ የሚያስፈልገው ሊያሸንፈው የሚችለው ግብ ነው። እየጨመረ የመጣ ክብደት ቀጥ ብሎ ከቆመ ድል ነው፤ ሚዛኑ ላይ ግን ምንም አይመስልም።

ሚዛኑ ከቁም ሳጥን አናት ወረደ። ቁጥሩን ማየት ግን አልቻለችም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትወጣለች፤ ባለቤቷ አንብቦ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ አይነግራትም። ከ92 ካለፈ ብቻ እንዲናገር ተስማምተዋል። የሚያስቅ ይመስላል። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ሳምንት ግን ራሷ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቷ አላስፈለገም።

የዕለት ተዕለቱ ነገር እጅግ ትንሽ ተደረገ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው አንድ ቀላል ነገር አለ፤ «ስፖርት እሠራለሁ» ከማለት «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ማለት ይሻላል የሚል። ጊዜውና ቦታው ቀድሞ ከታሰረ በሰዓቱ መወሰን አይጠይቅም። የእሷ እንዲህ ሆነ፦ ምሳ እንደበላች፣ ወንበሯ ላይ ከመመለሷ በፊት፣ ሕንፃውን ለአሥር ደቂቃ ትዞራለች። አሥር ብቻ። አንድ ሰዓት እንዳታደርገው ተከልክላለች። ለጉልበቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሰጣትን የጡንቻ ማጠንከሪያ ደግሞ ማታ ልጆቹ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ትሠራለች።

ምግብ ላይ የተከለከለ ነገር አልነበረም። ቁርስ ላይ ፕሮቲን ተጨመረ፤ እስከ ዛሬ ባዶ ሆዷን ወጥታ ከረፋዱ ላይ ያገኘችውን ትበላ ነበር። ማታ የምትበላው ብስኩት ደግሞ ይበላ ተባለ፤ ግን ሰሃን ላይ ወጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ፓኮው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ። ቆሞ ከፓኮው መብላት ብቻ ነው የቀረው። ስልኳ ከመኝታ ክፍል ወጣ፤ የእንቅልፏ ርዝመት ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረሰ።

ልብስም ገዛች። ልክ የሚሆኗት ሁለት ሱሪና አንድ ቀሚስ። ከእርምጃዎቹ ሁሉ ይህን ነው በጣም የተቃወመችው። እኔ ደግሞ በጣም የጸናሁበት ይህ ነው። በላስቲክ ታስሮ የሚውል ሰው ስለ ጤናው በእርጋታ ማሰብ አይችልም።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ 90.4 ነበረች። መቀነስ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ብቻ ተቀነሰ። ሳምንታዊ የኪሎ ግብ አልተቀመጠም።

የሠራውና ያልሠራው

«ወኔው መቼ ተመለሰ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። የምሳ ዙሩን ከጀመረች ወደ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ነው አለች። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ መውጣት አልቻለችም። ቅር አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ «ግዴታዬን አልተወጣሁም» ሳይሆን «የሆነ ነገር ቀረብኝ» የሚል ስሜት ተሰማት። በሕንፃው ውስጥ ደረጃ ወጣችና ወረደች። ማንም አላዘዛትም።

ጊዜው አይገርምም። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለው ወሬ ብዙዎችን አሳስቷል። ለንደን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አዲስ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን መሆኑን አሳይቷል። ከሰው ሰው ሲታይ ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። በ21ኛው ቀን «አልያዘልኝም» ብሎ የሚተው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው።

ያልሠራውም ጥቂት አይደለም። ካሎሪ በስልክ መመዝገብን እንደገና ሞከርን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ድሮው ጭንቀቷ መለሳት። ምግቡን ትታ ቁጥሩን ትበላ ጀመር። ተወው አልን። የእግር ጉዞ ቡድን ገባች፤ ከእሷ የፈጠኑትን እያየች ስትበሳጭ ወጣች። ቡድን ለብዙ ሰው ይሠራል፤ ለእሷ አልሠራም። የስፖርት ጫማዋን በር ላይ ማስቀመጥ የሚለው ምክር ደግሞ ያመጣው ነገር ቢኖር ልጆቹ እየተደናቀፉበት መጮሃቸው ነው።

ባለቤቷ ጋር የነበረውም ጊዜ ወስዷል። ለደግ ብሎ «ይበቃሻል፣ አትጨምሪ» ይላት ነበር። እሷ ደግሞ እሱ ሲተኛ ትበላለች። ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ስለ ምግቧ አንድም ቃል ላይናገር ተስማማ፤ በምትኩ እሁድ ጠዋት ልጆቹን ይዞ ለአንድ ሰዓት ይወጣል፤ ያ ሰዓት የእሷ ነው። ተደብቆ መብላቱ ያለ ሌላ ዘዴ ቀነሰ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ግን የቀጣዩ ዓመት ሂሳብ መዝጊያ ነው። ያ ወቅት እንደሚመጣ እናውቅ ስለነበር ቀድመን በጽሑፍ ተዘጋጀን። የወሰድነው ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሬና ዊንግ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናቷ ክብደት የቀነሱ 314 ሰዎች ተሳትፈዋል። የሠለጠኑት ሰዎች ሚዛናቸውን በየጊዜው እያዩ ራሳቸውን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይመድባሉ። አረንጓዴ ከሆነ እንኳን ደስ አለህ፤ ቢጫ ከሆነ አንድ ነገር አስተካክል፤ ቀይ ከሆነ ወደ መቀነሻው ዕቅድ ተመለስ። በ18 ወር ውስጥ ከሁለት ኪሎ ከሩብ በላይ የተመለሰባቸው፣ በአካል እየተገናኙ ከሠለጠኑት 46 በመቶ፣ በየጊዜው የምክር ጽሑፍ ብቻ ከተላከላቸው ግን 72 በመቶ ናቸው።

የእሷን ቀለሞች ትንሽ ሰፋ አደረግናቸው፤ ክብደት በውኃ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ሊዋዥቅ ስለሚችል። ለቢጫና ለቀይ የምታደርገው ነገር በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጻፈ። ማን ጋ እንደምትደውል ጭምር።

የሂሳብ መዝጊያው መጣ፤ 2.6 ኪሎ ጨመረች። ባለፈው ጊዜ 17 ኪሎውን የጀመረው ይኸው መጠን ነበር። አሁን ግን ሚዛኑ መሬት ላይ ነው፤ ደብተሩም ክፍት ነው። ቀይ ውስጥ ስትገባ ደወለች። ድምፅዋ ጥሩ አልነበረም። ግን ደወለች። የምሳው ዙር ተመለሰ፤ የማታው ምግብ ቢሮ ውስጥ ቀድሞ እንዲበላ ተደረገ። ጭማሪው በአምስት ሳምንት ገደማ ወረደ። በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ስኬት ይህ አምስት ሳምንት ነው።

አሁን ያለችበት

ሥራውን ከጀመርን ከዓመት በላይ ሆኗል። ክብደቷ 83 ነው። ላለፉት አራት ወራት ከ83 እና ከ84 መካከል አልወጣም። የደም ስኳሯ 97 ገብቷል። ግፊቷ ተስተካክሏል። ጉልበቷ ደረጃ ሲወጡ አያስቸግራትም። ወደ 74 ልትመለስ ትችል ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች።

ስለ መድኃኒት ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራለች። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መርፌዎች የምግብ ፍላጎትን በደንብ ይቀንሳሉ። ነገር ግን በአንድ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመልሶባቸዋል። ሐኪሙ ይህን አልደበቃትም። ለጊዜው ሳትጀምረው ቀርታለች። ብትጀምረውም እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም፤ የርሃብ ሆርሞን በምክር ብቻ አይታዘዝም።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

አንድ ሰው «ወኔ አጣሁ» ሲለኝ አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው መጨመሩ መቼና በምን እንደጀመረ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ሕመም፣ የሥራ ለውጥ፣ ልጅ መውለድ፣ ሐዘን ወይም መድኃኒት ነው። የመነሻው ቀን ከታወቀ ነገሩ ከባሕርይ ጉድለት ወደ ሊስተካከል የሚችል ችግር ይለወጣል።

የቀድሞውን ዕቅድ ለመድገም የሚጣደፍ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው፦ ይህ ዕቅድ የሚፈልገው ጊዜ፣ ጉልበትና እንቅልፍ ዛሬ አለኝ ወይ? ከሌለ ዕቅዱ ይቀየር። ለጥቂት ወራት አለመጨመርን ብቻ ግብ ማድረግ ያሳፍራል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በዚያ ጊዜ ሳይጨምር የቀረውን ኪሎ ያስላው። እሷ በነበረችበት ፍጥነት ብትቀጥል ኖሮ ሦስት ኪሎ ያህል ትጨምር ነበር።

ለቤተሰብም አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሳህን ላይ አስተያየት ከመስጠት ጊዜ መስጠት ይበልጣል። ልጅ መያዝ፣ አንድ ሰዓት ነፃ ማድረግ፣ አብሮ መራመድ። ስለ ሰውነት ቅርፅ የሚነገር ነገር፣ አድናቆትም ቢሆን፣ ሲቋረጥ ይሰማል።

ይህ መንገድ የማይሆንለት ሰው

ያለ ግልጽ ምክንያት ክብደቱ በፍጥነት የሚጨምር፣ እግሩ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በቅድሚያ ሐኪም ይየው፤ የውኃ መያዝ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው በብዛት የሚበላ፣ በልቶ የሚያስመልስ ወይም ቀናት ሙሉ ራሱን የሚያስርብ ሰው የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ሚዛንና ደብተር ሊጎዱት ይችላሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት የካሎሪ ቅነሳን በራሷ አትጀምር። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያናግር፤ ክብደት ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።